ሬቪት ላይ የክፍል ልኬት ከልስን ነው ከብሎኬት የሚያዘው?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የአርክቴክቸርም የሳይትም ሰዎች እዚህ እንደማትጠፉ ስለማውቅ ነው የምጠይቀው።

ጂ ፕላስ 2 መኖሪያ ቤት ነው፣ የምንሠራው ሬቪት (የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር) ላይ ነው። ሞዴሉ አልቋል። ግድግዳው፣ በሩ፣ መስኮቱ፣ ደረጃው ሁሉም ቦታውን ይዟል። የቀረኝ የወለል ፕላኑ ላይ ዳይሜንሽን (ልኬት) ማስገባት ብቻ ነው፣ እሱ ላይ ተያዝኩ።

የውጭው ግድግዳ ባለ 20 ብሎኬት ነው፣ በሁለቱም በኩል 2.5 ሳንቲ ልስን ስላለው ሬቪት 25 ብሎ ነው የሚያነበው። የውስጡ ክፍልፍል ባለ 15 ነው፣ ከነልስኑ 20 ይሆናል። አክሲሶቹ (የኮለኖቹ፣ ማለትም የምሰሶዎቹ፣ መሃል መስመሮች) 4 ሜትር በ4 ሜትር ናቸው። ታዲያ የዳር ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስለካው 377.5 ይለኛል፣ የመሃሉን ደግሞ 380። ኃላፊያችን አየውና «377.5 ሳይት ላይ አይወርድም፣ አስተካክዪው» ብሎ መለሰልኝ። ቁጥሩን ተጭኜ 380 ልጽፍበት ስል ሬቪት ራሱ እምቢ አለ፣ ቁጥር አይቀበልም፣ ጽሑፍ አስገቢ ነው የሚለኝ።

ሌላም አለ። እያንዳንዱን በርና መስኮት አንድ በአንድ ክሊክ እያደረግኩ መሄድ ጨርሶ አልዘልቀውም፣ አጭር መንገድ ካለ ንገሩኝ። ደግሞም ፕላኑን ለኤሌክትሪክ ሥዕል ብዬ ስደግመው ያስገባሁት ዳይሜንሽን በሙሉ ይጠፋል። ግድግዳው አለ፣ ቁጥሮቹ የሉም።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ተዪው፣ ወደ አውቶካድ አውጪና እዛ ጨርሺው» ይለኛል። ምን ትላላችሁ?


ብሎኬት20፦

ኃላፊሽ ልክ ነው፣ ግን «አስተካክዪው» ማለት ቁጥሩን በላዩ ላይ ጻፊበት ማለት አይደለም። የምትለኪበትን ቦታ ቀይሪ ማለት ነው።

ሳይት ላይ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ አስቢው። መጀመሪያ አክሲስ ይወጣል። በአክሲሱ ይቆፈራል፣ ኮለን ይቆማል፣ ስላብ ይሞላል። ከዛ ፎርማኑ ፕላኑንና ሜትሩን ይዞ ስላቡ ላይ ይወጣና የብሎኬቱን የመጀመሪያ ረድፍ በሲባጎ ያወጣል። በዚህ ሰዓት ልስን የሚባል ነገር የለም። ልስኑ የሚመጣው ብዙ ቆይቶ ነው፣ የሚለስነውም ሌላ ሰው ነው፣ ግድግዳው ከቱንቢ ትንሽ ወጣ ካለ ደግሞ 2.5 ያልሽው 3ም 3.5ም ይሆናል። ከልስን እስከ ልስን 377.5 ብለሽ ስትሰጪው እንግዲህ ገና ባልተፈጠረ ፊት ላይ ለካ እያልሽው ነው። በዚህ በኩል 2.5፣ በዚያ በኩል 2.5 ብሎ እየደመረ ይሠራል ብለሽ አትጠብቂ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ ከብሎኬት እስከ ብሎኬት ይጥለዋል፣ ክፍልሽም ልስኑ ሲገባ በ5 ሳንቲ ጠቦ ታገኚዋለሽ። ሳሎን ላይ ምንም አይደለም። ሻወር ቤት ላይ ግን በሩ የሽንት ቤቱን መቀመጫ ይመታል።

ስለዚህ የወለል ፕላን ላይ ልኬቱ ከብሎኬት ፊት እስከ ብሎኬት ፊት ይሁን። በየቦታውም ከአክሲስ ጋር አስሪው።

አሁን የአንቺን ቁጥር እንየው። የውጭው ባለ 20 አክሲሱ ላይ መሃል ከሆነ ወደ ውስጥ 10 ይገባል፣ ክፍልፍሉ ባለ 15 ደግሞ 7.5። ከ400 ላይ ሲቀነስ 382.5 ይሆናል። እሱም ቢሆን ቆንጆ ቁጥር አይደለም። ግን እዚህ ጋ ነፃነት አለሽ፤ ክፍልፍሉ ጭነት አይሸከምም፣ የግድ አክሲሱ መሃል ላይ ይቀመጥ ያለ የለም። ቢሙ ላይ እስካረፈ ድረስ 2.5 ሳንቲ ወደ አንድ በኩል ግፊውና ክፍሉን 380 ወይም 385 አድርጊው። ይሄ ውሳኔ ነው፣ የአንቺ ውሳኔ። አንቺ ካልወሰንሽ ፎርማኑ ይወስንልሻል፣ እሱ ደግሞ የሚወስነው ብሎኬት ሳይሰበር የሚያልቅበትን ነው።

ሻወር፣ ሽንት ቤትና ኪችን ይለያሉ። እዛ ንጹህ ልኬት ያስፈልጋል፣ ሴራሚኩ ከገባ በኋላ የሚቀረው ማለቴ ነው። 170 የሆነ ባኞ 168 ቦታ ውስጥ አይገባም። ግን እሱን እዚሁ ፕላን ላይ አታጨናንቂው፣ 1፡20 ዲቴይል አውጪና እዛ ላይ «ንጹህ» ብለሽ ጻፊው። አንድ ፕላን ላይ ግማሹን ከብሎኬት ግማሹን ከልስን ከለካሽ ማንም አያምንሽም።


ሦስት መስመር፦

ብሎኬት20 ምን እንደሚለካ ነግሮሻል፣ እኔ ሬቪት ላይ እንዴት እንደሚያዝ ልንገርሽ።

አላይንድ ዳይሜንሽንን ስትከፍቺ (ዲ እና አይን ተከታትለሽ ምቺ) ከላይ ኦፕሽንስ ባሩ ላይ «ዎል ሴንተርላይንስ» የሚል ሳጥን አለ። አብዛኛው ሰው ሳያየው ያልፋል። ስትከፍቺው አራት ምርጫ ታገኚያለሽ፤ የግድግዳው መሃል፣ የግድግዳው ፊት፣ የኮሩ (ልስን የሌለበት የግድግዳው ዋና አካል፣ እዚህ ብሎኬቱ) መሃል፣ የኮሩ ፊት። «ፌስስ ኦፍ ኮር» የሚለውን ያዢ። ከዛ በኋላ ግድግዳ ላይ በሄድሽ ቁጥር የሚይዝልሽ የብሎኬቱን ፊት ነው። ሌላ መስመር ከያዘ ታብን ደጋግመሽ ንኪ፣ በየንክኪው ወደ ቀጣዩ መስመር ይሄዳል፣ የያዘው ምን እንደሆነ ደግሞ ከታች በግራ በኩል ተጽፎ ይታያል። ያንን ጽሑፍ የማንበብ ልማድ ይኑርሽ፣ ብዙ ጣጣ ያስቀርልሻል።

ይሄ እንዲሠራ ግን የግድግዳሽ ዓይነት በትክክል የተሠራ መሆን አለበት። ኤዲት ስትራክቸር ውስጥ ግቢና እዪው፤ ከሁለቱ «ኮር ባውንደሪ» መሃል ብሎኬቱ ብቻ መኖር አለበት፣ ልስኖቹ ከባውንደሪው ውጭ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ልስኑን መሃል ውስጥ ያስቀመጠው ሰው ካለ ለሬቪት ኮሩ 25 ነው፣ የኮሩን ፊት ብትመርጪም 377.5 ነው የሚልሽ። ከዛ ወጥተሽ ግድግዳውን ምረጪና ፕሮፐርቲስ ላይ ሎኬሽን ላይኑን (ግድግዳው የሚያዝበትን መስመር) «ኮር ሴንተርላይን» አድርጊው። ነገ ባለቤቱ የውጭውን ልስን በድንጋይ ልቀይር ቢልሽና የግድግዳውን ዓይነት ብትቀይሪ ብሎኬቱ ካለበት አይነቃነቅም፣ የሚወፍረው ወደ ውጭ ብቻ ነው። በ«ዎል ሴንተርላይን» ከተሠራ ግን ዓይነቱን ስትቀይሪ ብሎኬቱ ራሱ ይንሸራተታል፣ ልኬትሽ ሁሉ በግማሽ ሳንቲ በአንድ ሳንቲ ይዛባል፣ ከየት እንደመጣም ለማወቅ ፈተና ነው።

ስለ ፍጥነት። እዛው ኦፕሽንስ ባር ላይ «ፒክ» የሚለውን ከ«ኢንዲቪጁዋል ሪፈረንስስ» ወደ «ኢንታየር ዎልስ» ቀይሪው። አጠገቡ ያለውን ኦፕሽንስ ስትጫኚ ምን ምን እንዲይዝልሽ ይጠይቅሻል፤ የበርና መስኮት ክፍተት፣ የሚያቋርጡ ግድግዳዎች፣ የሚያቋርጡ ግሪዶች (አክሲሶቹ)። ክፍተቱን በመሃሉ ወይም በስፋቱ መምረጥ ትችያለሽ። ከዛ አንድ ግድግዳ ክሊክ ስታደርጊ ያ ግድግዳ ላይ ያለው ሁሉ በአንድ መስመር ተደርድሮ ይመጣል። አንድ ፎቅ ዙሪያውን የምትጨርሺው በጥቂት ክሊክ ነው። የማትፈልጊው ነጥብ ከገባበት ወይም የጎደለ ካለ ዳይሜንሽኑን መርጠሽ «ኤዲት ዊትነስ ላይንስ» በዪ፣ ነጥብ መጨመርም መቀነስም ይቻላል። አጥፍቶ እንደገና መጀመር አያስፈልግም።

ውጭ በኩል ሦስት መስመር በቂ ነው። ለግድግዳው የቀረበው በርና መስኮትን በመሃላቸው ካለው ግድግዳ ጋር ይይዛል፣ መሃለኛው ከአክሲስ አክሲስ፣ የመጨረሻው ጠቅላላ ርዝመት። (ስሜን ከየት እንዳመጣሁት አሁን ገባችሁ።)

የጠፋብሽ ነገር ጠፍቶ አይደለም። ሬቪት ውስጥ ዳይሜንሽን የቪው (የአንዱ ዕይታ፣ ለምሳሌ የአንድ ፕላን) ንብረት ነው እንጂ የሞዴሉ አይደለም። ቪው ስትደግሚ ተራውን «ዱፕሊኬት» ካልሽ ሞዴሉ ብቻ ይመጣል። «ዱፕሊኬት ዊዝ ዲቴይሊንግ» ካልሽ ጽሑፉም ዳይሜንሽኑም አብሮ ይመጣል። ለኤሌክትሪኩ ግን እኔ ብሆን ያለ ዳይሜንሽን ነው የምደግመው፣ አምፖልና ሶኬት የተሞላ ፕላን ላይ ሌላ የቁጥር ጫካ ምን ያደርጋል?

ቁጥር አልቀበልም ያለሽን በተመለከተ ጎሽ በዪው። ዳይሜንሽን ላይ የውሸት ቁጥር እንዳይጻፍ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ከፊትና ከኋላ፣ ከላይና ከታች ጽሑፍ መጨመር ትችያለሽ፣ ቁጥሩን ራሱን ግን በሌላ ቁጥር መተካት አትችይም። በማይታይ ፊደል እያታለሉ የሚያስገቡ አሉ፣ እንዳትሞክሪው። ልኬቱ 380 እንዲሆን ከፈለግሽ መንቀሳቀስ ያለበትን ግድግዳ ምረጪ፣ ግድግዳው ተመርጦ እያለ የዳይሜንሽኑን ቁጥር ተጫኚና 380 ጻፊ። የሚንቀሳቀሰው የመረጥሽው ግድግዳ ነው። ዳይሜንሽኑን ብቻ ከመረጥሽ ቁጥሩ አይቀየርም፣ ያስቸገረሽም ይሄ ይመስለኛል።


የድሮው ካድ፦

ይሄ ሁሉ ድርሰት ለዳይሜንሽን? አውቶካድ ላይ ሊኒየር አንድ ጊዜ፣ ከዛ ኮንቲኒዩ፣ ኮንቲኒዩ፣ ኮንቲኒዩ፣ አለቀ። ኩዊክ ዳይሜንሽን ደግሞ አለ፣ መስመሮቹን በአንድ ላይ መርጠሽ ትጨርሺያለሽ። የመሥሪያ ቤትሽ ልጅ ልክ ነው። ኮንትራክተሩም ስትራክቸራሉም በመጨረሻ የሚጠይቁሽ ዲደብሊውጂ (የአውቶካድ ፋይል) ነው።


ሦስት መስመር፦

ዲደብሊውጂ ይጠይቃሉ፣ ትክክል፣ ይውሰዱ። ግን የሚወስዱት ያለቀውን ነው። ልጅቷ ዳይሜንሽኑን ወደ ውጭ አውጥታ ከሠራች በኋላ ባለቤቱ መጥቶ «መኝታ ቤቱ ትንሽ ይስፋ» ቢል (ይላል፣ ሳይል የቀረ ባለቤት አላየሁም) ሞዴሉ ላይ ታሰፋለች፣ የወጣው ፋይል ግን ይሄን አያውቅም። እንደገና ታወጣለች፣ ዳይሜንሽኑን እንደገና ትሠራለች። ወይም ደግሞ አውቶካዱን ብቻ ታስተካክልና ሴክሽኑና ኤሌቬሽኑ ሌላ ቤት ሆነው ይቀራሉ። አውቶካድ መጥፎ ነው አላልኩም፣ ሥዕሉ ከመጀመሪያው እዛ ከተሠራ እዛው ይለቅ። ግማሽ ግማሽ ነው ጣጣው።


የድሮው ካድ፦

እሺ እሱስ ልክ ነው። አውቶካድ ላይ የምትሠሩ ግን ዲምአሶክ (ዳይሜንሽኑን ከመስመሩ ጋር የሚያስረው ሴቲንግ) 2 መሆኑን እዩ፣ ካልሆነ መስመሩ ሲንቀሳቀስ ቁጥሩ እዛው ተገትሮ ይቀራል። ዳይሜንሽንን ኤክስፕሎድ የሚያደርግ (ወደ ተራ መስመርና ጽሑፍ የሚበታትን) ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ኮምፒውተሩን ቀሙት።


አርኪ_ቤት፦

ሁሉም ሬቪት ሬቪት ሲል ቅር አለኝ፣ እዚህ አገር ስንቱ ቢሮ አርኪካድ ላይ አይደል እንዴ የሚሠራው? ለሚያነቡት ስል ልጨምር።

አርኪካድ ላይ ውጭውን ግድግዳ በሙሉ መርጣችሁ አውቶማቲክ ዳይሜንሽኒንግ ውስጥ ኤክስቴሪየር የሚለውን ብትሉ መስመሮቹን ደርድሮ ያወጣላችኋል። ከዛ ማጽዳት ነው። በእጅ ስትሠሩ ነጥቦቹን እየነካችሁ ትሄዱና ባዶ ቦታ ላይ ሁለቴ ክሊክ ስታደርጉ መዶሻ ይመጣል፣ መዶሻውን መስመሩ እንዲያርፍ የምትፈልጉበት ቦታ ላይ ትመታላችሁ። የምትነኩት ነጥብ የግድግዳው ወይም የበሩ ነጥብ መሆኑን አረጋግጡ። ባዶ ቦታ ላይ የተነካ ነጥብ ከምንም ጋር አይታሰርም፣ ግድግዳው ሲሄድ እሱ እዛው ይቀራል።

የብሎኬትና የልስን ነገር እዚህም አለ። ኮምፖዚቱን (የግድግዳውን ንብርብር) ስትሠሩ ብሎኬቱን «ኮር» በሉት፣ ልስኑን «ፊኒሽ»። ከዛ ፓርሻል ስትራክቸር ዲስፕሌይ ላይ ፊኒሽ የሌለበትን ምርጫ ስታደርጉ ፕላኑ ላይ ልስኑ ይጠፋና ራቁቱን ብሎኬት ታያላችሁ። በዛ ሁኔታ ዳይሜንሽን ስታስገቡ ልስን የምትይዙበት ዕድል የለም። እንደኔ ከሆነ ከሬቪቱ ታብ ይሄኛው ይሻላል፣ የማይታይ ነገር አያሳስትም። ጠብ ለመጫር አይደለም።


ከዱባይ፦

እዚህ ቁጥር ሁሉ በሚሊሜትር ነው፣ ስለዚህ 3825 ብለን እንጽፋለን፣ ነጥብ የሚባል የለም። አገር ቤት እያለሁ አንዱ ሥዕል 3.80፣ ሌላው 380፣ የስትራክቸራሉ 3800 ሆኖ ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ ነበር የማየው። የትኛውም ይሁን፣ ግን አንዱን ያዙና ሥዕሉ ላይ «ልኬት በሙሉ በሴንቲሜትር ነው» ብላችሁ ጻፉ።

ላነሳ የፈለግኩት ግን ስለ ማጠጋጋት ነው። ጀማሪዋ፣ ዳይሜንሽንሽ ላይ የምታዪው ቁጥር ተጠጋግቶ ሊሆን ይችላል። ሬቪት እንዲያጠጋጋ የታዘዘውን ያህል አጠጋግቶ ያሳያል፣ ከስር ያለው እውነተኛው ቁጥር ሌላ ነው። 10 ሜትር ለሦስት እኩል ክፍል ቢካፈል እያንዳንዱ 333 ይልሻል፣ ሦስቱ ሲደመሩ 999፣ ጠቅላላው መስመር ግን 1000 ይላል። ፎርማኑ ይደምራል! አንድ ሳንቲ ጎድሎ ሲያገኝ ደውሎ ይጠይቅሻል፣ ካልጠየቀሽ ደግሞ የባሰ ነው።

ስለዚህ ፕላኑን ከማስረከብሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። የዳይሜንሽኑ ዓይነት ውስጥ «ዩኒትስ ፎርማት» አለ። እዛ ገብተሽ ማጠጋጋቱን ለጊዜው ወደ ትንሹ አውርጂው፣ ሁለት ሦስት አሃዝ ከነጥብ በኋላ እንዲያሳይ። 380 መስሎ የነበረው 379.87 ሆኖ ብቅ ይላል። አንዱ ግድግዳ ሲሣል በእጅ ተጎትቶ የቀረ ነው። በዛው እያለሽ አስተካክዪው፣ ከዛ ማጠጋጋቱን ወደ ነበረበት መልሺው። ሞዴሉ ንጹህ ከሆነ ቁጥሩን ማጠጋጋት ምንም አይጎዳም፣ ሞዴሉ ቆሻሻ ከሆነ ግን ማጠጋጋቱ ቆሻሻውን ምንጣፍ ስር እንደመጥረግ ነው።

የቁልፏን ነገርም ልንገርሽ። ዳይሜንሽን ስትመርጪ አጠገቡ ትንሽ ቁልፍ ትታያለች፣ ከተጫንሻት ልኬቱ ይቆለፋል። እንደ ጌጥ አትጫኛት። የተቆለፈውን ዳይሜንሽን ብታጠፊው እንኳ ቁልፉ ሊቀር ይችላል፣ ሬቪት «ዳይሜንሽኑ ይጠፋል፣ ገደቡ ግን ይቆያል» ብሎ ያስጠነቅቅሻል፣ ሳታነቢ እሺ ካልሽው ከወር በኋላ አንዱን ግድግዳ ስትገፊ የማይመለከተው ሌላ ግድግዳ አብሮ ይሄዳል። አንኮንስትሬይን የሚለውን ምረጪ። የኮሪደርና የደረጃ ስፋት ብቻ ቢቆለፍ ይበቃል።


ጀማሪዋ፦

ኧረ ሁላችሁንም ይባርካችሁ። ሄጄ አየሁት፣ እውነትም የግድግዳው ዓይነት ላይ ልስኑ ከነብሎኬቱ ኮር ባውንደሪው ውስጥ ነው ያለው። ፋይሉ ከድሮ ፕሮጀክት የተወሰደ ነው። አውጥቼ በ«ፌስስ ኦፍ ኮር» ስለካው 382.5 መጣ፣ ብሎኬት20 እንዳልከው። ክፍልፍሉን ገፍቼ 385 አደረግኩት፣ መኝታ ቤት ስለሆነ ሰፋ ይበል ብዬ።

አሁን ሌላ ጥያቄ። ኮለኑ 40 በ40 ነው፣ የውጭው ግድግዳ 20። አርክቴክቱ ኮለኑ ወደ ውጭ እንዳይወጣበት ስለፈለገ ብሎኬቱን ከኮለኑ የውጭ ፊት ጋር እኩል እንዲሆን አድርጎታል። የውስጡ ፊት ታዲያ የት ነው የሚታሰረው? መሃለኛው መስመር ከአክሲስ አክሲስ ነው፣ ግድግዳውን አይነካውም። ፎርማኑ ግድግዳው ኮለኑ መሃል ነው ብሎ ቢያስብስ?


ብሎኬት20፦

ጥሩ ጠየቅሽ፣ ሳይት ላይ በጣም የሚያጨቃጭቀን እሱ ነው። ፎርማን ካልተነገረው ግድግዳን ኮለን መሃል ነው የሚያስቀምጠው፣ ልማዱ ነው።

የአንቺ ግን ዕድለኛ ነው። ኮለኑ 40 ስለሆነ ከአክሲሱ ወደ ውጭ 20 ይወጣል፣ ብሎኬቱም 20 ነው፣ ስለዚህ የብሎኬቱ የውስጥ ፊት በቀጥታ አክሲሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ፎርማኑ የአክሲሱን ሲባጎ ሳያነሳ ብሎኬቱን ሲባጎውን አስነክቶ ይደረድራል። ኮለኑ 30 ቢሆን ኖሮ ከአክሲስ ወደ ውጭ 15፣ ወደ ውስጥ 5 ትይ ነበር። በየትኛውም ቢሆን ቁጥሩ ተጽፎ መታየት አለበት። መሃለኛው መስመር ላይ አትጨምሪው። ለግድግዳው የቀረበው መስመር ጫፉ ላይ፣ ማዕዘኑ ጋ፣ አክሲሱን አስገቢና ከአክሲስ እስከ ብሎኬቱ የውጭ ፊት ያለውን 20 አሳዪ። በየማዕዘኑ አንድ አንድ ጊዜ ይበቃል፣ በየኮለኑ መድገም አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን አስታውሺ። ግድግዳው ወደ ውጭ ስለወጣ ያን የዳር ክፍል እንደገና ለኪው። ግድግዳው መሃል ላይ እያለ ወደ ውስጥ 10 ይገባ ነበር፣ አሁን ምንም አይገባም፣ ስለዚህ 385 ያልሽው አሁን 395 ነው። ሞዴሉ ላይ ገና በትክክል ካልተቀመጠ ከሎኬሽን ላይኑ ጀምሪ፣ ለውጭው ግድግዳ «ኮር ፌስ ኤክስቴሪየር» አድርጊና ከኮለኑ ፊት ጋር በአላይን አጣብቂው።

በሩም ላይ ልጨምርልሽ። ክፍል ጥግ ላይ ያለ በር ከሆነ በመሃሉ አትለኪው። ግንበኛው የሚፈልገው ከጥግ እስከ ክፍተቱ ስንት ሳንቲ ብሎኬት እንደሚቆም ነው፣ 10 ነው፣ 20 ነው? ከሙሉ ብሎኬት (40 ነው ርዝመቱ) ወይም ከግማሹ ጋር የሚገጥም ከሆነ ይወድሻል። ሰፊ ግድግዳ መሃል ያለ መስኮት ላይ ግን በመሃሉ መለካት ይቻላል፣ እዛ ላይ ከሦስት መስመር ጋር አልጣላም።


ሦስት መስመር፦

አትጣላ፣ እኔም ለብሎኬት ግድግዳ ስፋቱን ነው የምመርጠው። በመሃል የሚለካው በጣውላ ለሚሠሩ ቤቶች ይመቻል፣ እዚህ ክፍተቱን የሚተወው ግንበኛው ነው፣ ጠርዝ ነው የሚያየው።

ጀማሪዋ፣ ከማተምሽ በፊት የጽሑፉን መጠን እዪው። ሬቪት የዳይሜንሽኑን ጽሑፍ የሚለካው በወረቀቱ ላይ ነው፣ 2.5 ሚሊ ካልሽው 1፡100 ላይም 1፡50 ላይም 2.5 ሚሊ ሆኖ ይታተማል። ስኬሉን ስትቀይሪ ፕላኑ ነው የሚያድገውና የሚያንሰው። ስለዚህ በ1፡50 የሠራሽውን ቪው ወደ 1፡100 ብትመልሺው ቁጥሮቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ። ስኬሉን መጀመሪያ ወስኚ፣ ዳይሜንሽኑ ኋላ።


ጀማሪዋ፦

1፡100 ነው የሚወጣው፣ ኤ2 ላይ። ቅድም ፒዲኤፍ አውጥቼ ስለካው ግን 4 ሜትሩ 4 ሳንቲ አልሆነም፣ ትንሽ ያንሳል።


ከዱባይ፦

ፕሪንት ስታደርጊ «ፊት ቱ ፔጅ» ተመርጦ ነው። «ዙም» የሚለውን 100 አድርጊው። ፎቶ ኮፒ ቤት ስትወስጂም እንዳይቀንሱብሽ ንገሪያቸው፣ ኤ3 ላይ ሰብስበው ይሰጡሻል። ለማንኛውም ሥዕሉ ጥግ ላይ «በስኬል አይለካ፣ የተጻፈው ቁጥር ይወሰድ» የሚለውን አትርሺ።


ጀማሪዋ፦

100 አደረግኩት፣ ልክ መጣ። የዳሩ ክፍልም 395 ሆነ። ነገ ጠዋት ለኃላፊው አሳየዋለሁ።